ቆሞ የከረመ ሞተር

በዚህ ዓምድ ስለ ሞተር፣ ስለ ጄኔሬተርና ስለ ቤት ውስጥ ጥገና ለምትጽፉልኝ እመልሳለሁ። የምመልሰው እጄ የሚያውቀውን ብቻ ነው። ከዚህ ወር ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ሳነብ ብቻዬን ስቄአለሁ፤ ስለዚህ ሰፋ ያለውን ቦታ ለእሱ ሰጠሁት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ካዛንቺስ ሳለሁ፣ ሰፈሩ ለልማት ከመነሣቱ በፊት፣ ግቢዬ ውስጥ ሞተር ሳይክል እጠግን ነበር። አሁን ጎላ ሚካኤል አካባቢ በጠባብ ቦታ እሠራለሁ። የእህቴ ልጅ ካናዳ፣ ካልጋሪ ነው ያለው። አምና ያገለገለ ስኖሞቢል፣ ማለትም በበረዶ ላይ የሚሄድ ሞተር፣ በርካሽ ገዛ። ብርዱን ወራት ነዳው፤ ሙቀቱን ወራት አቆመው። ዘንድሮ በረዶው ሲመጣ አልነሳ አለው። ገመዱን ቢጎትት ቢጎትት መዳፉ ተላጠ እንጂ ሞተሩ ወይ ፍንክች። ጋራዥ ልውሰደው ቢል የሰዓት ሒሳባቸው አስደነገጠው። "አጎቴ መካኒክ ነው" ብሎ በቪዲዮ ይደውልልኛል። እሱ ጋ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እኔ ጋ እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቅዳሴ ስትወጣ እኔ በስልክ የሰው አገር ሞተር ሆድ ዕቃ አያለሁ። ቱ ስትሮክ ነው፣ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር የሚያቃጥል፤ ሁለት ሲሊንደር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉ ሁለት ካርቡሬተር። ጎማ የለው፣ ማርሽ የለው። አላውቀውም ለማለት አፈርኩ። ምን ልበለው?
የልጁ አጎት፣ ከጎላ ሚካኤል

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይፈሩ። ሞተሩን ያውቁታል፤ የማያውቁት ልብሱን ነው። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ነበርኩ። ዊኒፔግ አንዲት ትንሽ ጋራዥ ውስጥ ሰባት ዓመት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። በገባሁ በሳምንቱ አለቃዬ አንድ ቢጫ ስኖሞቢል ፊቴ ገትሮ "ክፈተው" አለኝ። እኔ የማውቀው በረዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ ልጆች በኩባያ የሚለቅሙትን ነው። የዚያ አገሩ ድምፅ የለውም። ሌሊቱን ሲወርድ ያድርና ጠዋት በር አልከፈት ይልሃል። ኮፈኑን ስከፍት ግን ልቤ ተመለሰ። ሁለት ሚኩኒ ካርቡሬተር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ተክለ ሃይማኖት ልጅ ሆኜ ከያማሃ ዲቲ ሞተር ሳይክል ላይ ስፈታ ስገጥም ያደግኩት ያው ሚኩኒ ነው፤ ትንሽ ወፈር ብሎ።

እና እሑድ ጠዋት ስልኩ ሲጠራ ካቻቢቴ አያስነሱት። መጀመሪያ ገመዱን ይጠይቁት። የሚጎተተውን ገመድ አይደለም። ጫፉ ላይ ቆብ ያለው፣ ሌላው ጫፍ በነጂው ጃኬት ላይ የሚንጠለጠል ገመድ አለ። ነጂው ሲወድቅ ቆቡ ተነቅሎ ሞተሩ ይጠፋል። ቆቡ ካልተሰካ እስከ ፋሲካ ቢጎትቱት አይነሳም። እጀታው ላይ ያለችው ቀይ ማጥፊያም እንደዚሁ ናት። አንድ ሰውዬ ስኖሞቢሉን ተጎታች ላይ ጭኖ ከሩቅ እርሻው ድረስ አምጥቶልን ነበር። ቆቡን ሰካሁት፣ አንዴ ጎተትኩት፣ ተነሳ። ሰውዬው አንድ ቃል ሳይናገር ከፍሎ ሄደ።

ቆቡ ተሰክቶም እምቢ ካለ ጥፋቱ የት እንደሚሆን ከወዲሁ ልንገርዎት፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው። ሞተሩን የጎዳው ሥራ አይደለም፣ ሥራ መፍታት ነው። ቤንዚን ስድስትና ሰባት ወር በአንድ ቦታ ሲቀመጥ ቀላል ቀላሉ ይተንና ከባዱ ይቀራል። የቀረው ይወፍራል፤ እንደ ቫርኒሽ ይጣበቃል። ካናዳ ውስጥ የሚሸጠው ቤንዚን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ልጁ የታንኩን ክዳን ከፍቶ ያሽተት። የደኅና ቤንዚን ሽታ አፍንጫ ይወጋል። የከረመው ግን የአናጢ ቤት ይሸታል። እንደዚያ ከሆነ ሁሉንም ቀድቶ ያውጣ። አዲስ ጨምሮበት "ይቀላቀል" ማለት አይሠራም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በኃይል ይንገሩት። የነሱ ቤት ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ወይም የውኃ ቦይለር አለ። ውስጡ የማትታይ እሳት ትኖራለች። የቤንዚን እንፋሎት መሬት ለመሬት ተስቦ እሷ ጋ ይደርሳል። ቤንዚን የሚቀዳው ውጭ ነው። ብርድ ቢሆንም ውጭ።

ካርቡሬተሩን ከማውለቁ በፊት በስልኩ ፎቶ ያንሳ። ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ። እርስዎ ዲቲን ዓይንዎን ጨፍነው ይገጥማሉ፤ እሱ አይገጥምም። ሁለት ሳህን ያዘጋጅ፤ የግራውን በግራ፣ የቀኙን በቀኝ። ሁለቱ ካርቡሬተሮች መንታ ይምሰሉ እንጂ ጂክለራቸው፣ ማለትም ቤንዚኑን በቀዳዳዋ የምትለካው ትንሽ ነሐስ፣ አንዳንዴ ይለያያል። ቢያቀያይራቸው አንደኛው ሲሊንደር ቤንዚን እያነሰው ይሞቃል፣ ፒስተኑም ይቀልጣል።

ቤንዚን የሚጠራቀምበትን የታችኛውን ጽዋ ሲከፍት መሐል ላይ ትልቁን ጂክለር ያያል። ከጎኑ ጠለቅ ብላ የተቀመጠች ትንሽ ጂክለር አለች። ጠላቱ እሷ ናት። ሞተር ሲነሳና ቀስ ብሎ ሲዞር ቤንዚን የምትሰጠው እሷ ነች፤ ቀዳዳዋ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ለጎድጓዷ ልክ የሆነ ካቻቢቴ ይፈልግ። ነሐስ ስለሆነች ካቻቢቴው ካንሸራተተ ጭንቅላቷ ይላጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወጣት የለም። ካወጣት በኋላ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መስኮት ያንሳት፤ አንድ ዓይኑን ይጨፍን። ንጹሕ ከሆነች የመርፌ ጫፍ የምታህል ክብ ብርሃን ያያል። ከተደፈነች ጨለማ ነው። የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ይርጭባትና ያሳድራት። ጠዋት አየር ይንፋባት። አሁንም እምቢ ካለች ከተራ የመብራት ሽቦ ውስጥ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር መዝዞ በቀስታ ያስገባ። የብረት ሽቦ ግን ክልክል ነው፤ መርፌም እንዲሁ። ነሐሱን ይቧጭረዋል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ልኩን አያገኝም። እኔ ያን ክር የማገኘው ከተጣለ የስልክ ቻርጀር ውስጥ ነበር። ኪሴ ውስጥ በወረቀት ጠቅልዬ እይዘው ነበር፤ አለቃዬ "የሐበሻ መርፌ" ይለው ነበር።

ካርቡሬተሩ ሲጸዳ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ያውጣ። ገመድ ጎትቶ ሲያያቸው ቤንዚን ካረጠባቸው ቤንዚኑ ደርሷል፣ እሳቱ ነው የጎደለው። ደረቅ ከሆኑ ቤንዚኑ አልመጣም። ካንዴላውን የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ቆብ ውስጥ ሰክቶ፣ ብረቱን ከሲሊንደሩ አካል አስነክቶ፣ ከቀዳዳው ራቅ አድርጎ ይጎትት። ሰማያዊ ብልጭታ ካለ ጥሩ። እኔ የምወደው ፈተና ሌላ ነው። የሻይ ማንኪያ ሩብ የምታህል ዘይት የተቀላቀለ ቤንዚን በካንዴላው ቀዳዳ ጠብ አድርጎ፣ መልሶ አስሮ ይጎትት። ሁለት ሦስት ሰከንድ ተነስቶ ከጠፋ ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ የራበው ቤንዚን ነው። ያኔ የቤንዚን ቱቦዎቹን ይመልከት። በብዙዎቹ የካርቡሬተር ስኖሞቢሎች ላይ የቤንዚን ፓምፑ የሚሠራው በሞተሩ የውስጥ ግፊት ነው። ግፊቱን የምታመጣው ቀጭን ቱቦ በብርድ ትደርቅና ትሰነጠቃለች። ስንጥቋ የምትታየው ቱቦዋ ጠመም ሲደረግ ብቻ ነው።

የስኖሞቢሉ ዘይት ከቤንዚኑ ተለይቶ ለብቻው መቀመጡ አያስደንግጥዎት። ዲቲም ከወንበሩ ሥር የራሱ የዘይት ቤት አለው አይደል? ያው ነው። ግን ልጁ ከሱፐርማርኬት ያገኘውን ዘይት እንዳይጨምር። ለስኖሞቢል ተብሎ የተሠራ የቱ ስትሮክ ዘይት አለ፤ በከባድ ብርድ እንደ ቅቤ አይረጋም። የዘይት ቱቦውን ከነቀለ ደግሞ አየር ገብቶበታል። አየሩ እስኪወጣ ለመጀመሪያው ታንክ ቤንዚኑ ውስጥም ዘይት ይቀላቅል፤ ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ትንሽ ያጨሳል። ይጨስ።

እዚህ ድረስ የእርስዎ አገር ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የሰው አገር ነው።

ማርሽ የለውም ያሉት እውነት ነው። በማርሽ ፈንታ ሁለት ፑሊና አንድ ሰፊ ቺንጋ አለው። ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር በፊተኛው ፑሊ ውስጥ ያሉ ክብደቶች ወደ ውጭ ይወረወሩና ሁለቱን ፊቶች ያጠጋጋሉ። ቺንጋው መሐላቸው ተጨምቆ ወደ ላይ ይወጣል። የኋለኛው ፑሊ በተቃራኒው ይከፈታል። ማርሹ በራሱ ተቀየረ ማለት ነው። ከተማችን ውስጥ ዕቃ የሚያደርሱ ልጆች የሚነዱትን ስኩተር ከፍተው ከሆነ አይተውታል። ቺንጋው ከተሰነጠቀ፣ ጎኑ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ፣ ወይም ስፋቱ ከመጽሐፉ ልክ ካነሰ ይቀየር። ፑሊውን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረገው፤ ግራሶ የነካው እጅ እንዳይነካው። ደግሞ አደራ፣ ቺንጋው ወልቆ ወይም መሸፈኛው ተከፍቶ ሞተር አይነሳም። ፑሊው የሚይዘው ነገር ሲያጣ ይከንፋል፤ ከተበተነ እንደ ጥይት ነው።

ከሥሩ ያለው የላስቲክ ሰንሰለት እንደ ታንክ ነው የሚዞረው። ውጥረቱ ሲለካ የኋላው ከመሬት ይነሳል። ያን ጊዜ ማንም ከኋላ አይቁም። ላስቲኩ ላይ የተሰካች ጠጠር ወዴት እንደምትበር አይታወቅም።

አሁን የራሴን ጉድ ላውጋዎት። በሁለተኛው ዓመቴ፣ በሚያዝያ፣ በረዶው ሟሙቶ ግቢያችን አፈር ሆኗል። አንዱን ጠግኜ ጨረስኩና ደስ ብሎኝ "አንድ ዙር ልሞክረው" አልኩ። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። በሦስተኛው የተቃጠለ ፌስታል ሸተተኝ። የጎረቤት ቆሻሻ መስሎኝ ቀጠልኩ። ሲቆም አየሁት፤ ላስቲኩ የሚንሸራተትበት የፕላስቲክ ሐዲድ ቀልጦ እንደ ሰም ተንጠባጥቧል። ለካ ያንን ፕላስቲክ የሚያለሰልሰውና የሚያቀዘቅዘው በረዶው ራሱ ነው። ሞተሩ በውኃ የሚቀዘቅዝ ከሆነም ሙቀቱን የሚተፋው ከሥሩ በሚረጨው በረዶ ላይ ነው። የሁለቱ ሐዲዶች ዋጋ ከደሞዜ ተቆረጠ። እና ልጁ አስፋልት ላይ "ልሞክረው" ካለ እኔን ይንገሩት።

ሲነሳለት ደስታው ያሳብደውና የጋራዡን በር ዘግቶ ሲያጓራው እንዳይውል። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ሲሆን በር መክፈት ያስጠላል፤ አውቃለሁ። ከማርሚታው የሚወጣው ግን እዚህ አገር በከሰል ስንት ቤት የዘጋው ጋዝ ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። በሩ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ወደ ውጭ ተገፍቶ ነው የሚነሳው።

ብርዱ ሲያልፍ ደግሞ ዘንድሮ የሆነው እንዳይደገም ያስቀምጠው። ቤንዚኑ ውስጥ ማቆያ ፈሳሽ ጨምሮ ጥቂት ደቂቃ ያስነሳው፣ ከዚያ የካርቡሬተሮቹን ጽዋ ያንጠፍጥፍ። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ ገመዱን ቀስ ብሎ ይጎትት። የኋላውን ከመሬት ያንሳው፣ ግራሶ የሚፈልገውን ሁሉ ግራሶ ያጠጣው። የአየር መግቢያውንና የማርሚታውን አፍ በጨርቅ ይድፈን፤ በሚቀጥለው ዓመት ከማስነሳቱ በፊት ማውጣቱን እንዳይረሳ። ጨርቁ ለአይጥ ነው። አንዴ የአየር ሳጥን ስከፍት ከቤት ግድግዳ የተሰረቀ ሮዝ ጥጥ፣ የወፍ ጥሬና አምስት ፀጉር ያልበቀለባቸው ግልገሎች አግኝቻለሁ። ባለቤቱ ሴትዮ አላስነካ አሉን። አድገው እስኪወጡ ሦስት ሳምንት ጠበቅን።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ሰዎች ስኖሞቢልን የመዝናኛ ዕቃ ብቻ ያደርጉታል። ኩቤክ ውስጥ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር የሚባል መካኒክ ነበር። በ1934 በፈረንጆች ትንሽ ልጁ ታሞ፣ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተበት። በበረዶ ላይ የሚሄድ ነገር ሲሠራ ቆይቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በ1937 ሰባት ሰው የሚጭነውን አወጣ። ትንሿን፣ ዛሬ ስኖሞቢል የምንላትን ስኪዱ፣ ለገበያ ያቀረበው በ1959 ነው። ስሙን እርስዎም ያውቁታል። ወደ ጎንደር ወይም ጅማ ሲበሩ የሚሳፈሩባት፣ ሁለት ፕሮፔለር ያላት ኪው 400 በቦምባርዲየር ስም የተሸጠች ናት።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። መብራት ሲጠፋ ብዬ ገመድ የሚጎተት ትንሽ ጄኔሬተር ገዛሁ፤ 650 ዋት ይላል። ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ይጨመራል፤ ሠራተኛዬ በዓይኑ ገምቶ ነው የሚጨምረው። ሁለት ወር መብራት ስላልጠፋ ረስተነው ነበር። አሁን ስናስነሳው ያጨሳል፣ ይጠፋል። የፀጉር ማድረቂያ ፎን ስንሰካበትማ ወዲያው ነው የሚሞተው። የማስቀምጠው ከኋላ ኮሪደሩ ላይ ነው። ይጣል?
ባለ ፀጉር ቤቷ

መልስ፦ እህቴ፣ አይጣል። ከላይ ያለውን ደብዳቤ ያንብቡት፤ የእርስዎም ሕመም ያው ነው። ሁለት ወር ሥራ ፈትቷል። ካርቡሬተሩ ይጸዳ፣ ካንዴላው ይቀየር፣ አሮጌው ቤንዚን ይፍሰስ። አንድ ልጅ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

ዘይቱ ግን በዓይን አይገመትም። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ጄኔሬተሮች 50 ለ 1 ይላሉ፤ የእርስዎ ላይ የተለጠፈውን ያንብቡና በእሱ ይሂዱ። 50 ለ 1 ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ቢበዛ ያጨሳል፣ ካንዴላ ይበላል። ቢያንስ ፒስተኑ ይነክሳል፤ ያኔ መጣል ነው። መለኪያ ከፈለጉ አሮጌ የሕፃን ጡጦ ይፈልጉ፤ ጎኑ ላይ ሚሊ ሊትሩ ተጽፏል። 100ው ላይ በጥፍር ቀለም ያስምሩ፤ እሱ እንኳን እርስዎ ጋ አይጠፋም። ቀዩን ይቀቡት፤ ማንም ተሳስቶ ለልጅ ወተት እንዳያደርግበት።

ፎኑን በተመለከተ ጄኔሬተሩን አይውቀሱት። የፀጉር ቤት ፎን ከ1,500 እስከ 2,000 ዋት ይፈልጋል። እርስዎ ያለዎት 650 ነው። አህያ ላይ የግመል ጭነት ጭነው "ለምን ተቀመጠች?" ማለት ነው። አምፖል፣ የስልክ ቻርጀርና የፀጉር መቁረጫ ማሽን ይችላል። ካስክና ፎን አይሞክሩበት።

ሲያጠፉት በማጥፊያው አያጥፉት። የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግተው ራሱ እስኪጠፋ ይጠብቁ። ጽዋው ውስጥ የቀረችውን ይጨርሳታል፤ የሚጋገርም የሚደፍንም አይኖርም። መብራት ባይጠፋም በየሁለት ሳምንቱ አሥር ደቂቃ ያስነሱት።

ኮሪደሩ ግን ዛሬውኑ ይቅር። ደንበኛዎ መስታወት ፊት ተቀምጣ "ራሴን አመመኝ" ስትል ሙቀቱ ነው ብለው ያልፉታል። የጄኔሬተሩ ጭስ ይሆናል። ደጅ ይውጣ፣ ከበርና ከመስኮት ይራቅ፣ ገመዱ ይርዘም። ዝናብ የሚሉ ከሆነ አራት እግር ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ ያሠሩለት፤ ግድግዳ ግን አይሥሩለት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አፋር፣ ሎጊያ ሆኜ ስሠራባት የነበረችውን ዲቲ 125 ይዤ አዲስ አበባ መጣሁ። እዚያ እንደ ጥይት ነበረች። እዚህ አቀበት ላይ ትታነቃለች፣ ካንዴላዋ እርጥብ ጥቁር ይሆናል፣ ቤንዚን ትጠጣለች። ቸርችል ጎዳናን ወደ ፒያሳ መውጣት ፈተና ሆነብኝ። አንዱ መካኒክ "ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሳለች፣ ትፈታ" አለኝ። ልፍታት?
ዕቃ አድራሹ፣ ከሜክሲኮ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቆይ አትፍታት። ሎጊያ ከባሕር ወለል በላይ ናት፣ ግን ከፍታዋ 500 ሜትር አይሞላም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሩብ ያህሉ የለም። ካርቡሬተርህ ግን ይህን አያውቅም። ለሎጊያ አየር የተለካውን ቤንዚን ያንኑ ያህል ያፈሳል። ወጥ በዛ፣ እንጀራ አነሰ። ጥቁሩ ካንዴላ እሱ ነው።

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮዋን አውጣ። የአፋር አቧራ ይዛ ከመጣች አዲስ አበባ ምንም አልበደለችህም። ፊልትሮው የስፖንጅ ከሆነ በሳሙናና በሞቀ ውኃ እጠበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ትንሽ ዘይት አስነካውና ጨምቀው። ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖም ካልተሻላት ወደ ካርቡሬተሩ ሂድ። ከላይ የሚወርደውን መርፌ ስታወጣ ጫፉ ላይ የተቆራረጡ ጎድጓዳ መስመሮችና አንዲት ትንሽ ማያዣ ታያለህ። ማያዣዋን አንድ መስመር ወደ ላይ አውጣት። መርፌው ያን ያህል ዝቅ ይላል፣ ቤንዚኑም ይቀንሳል። ካልበቃ ትልቁን ጂክለር አንድ ወይም ሁለት ቁጥር አሳንስ። ቁጥሩ ራሱ ላይ ተቀርጿል፤ ማጉያ ካጣህ በስልክህ ፎቶ አንስተህ አስፋው። ሱማሌ ተራ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፤ ጥርሱን አስተያየው፤ "ይሆናል" የሚልህን አትመን። በየመሐሉ ካንዴላውን እያወጣህ እይ። የቡና ቀለም ሲመጣ አቁም። ነጭ ከሆነ አልፈሃል፣ ተመለስ።

ነገሩ ዊኒፔግ ስሠራ በተገላቢጦሽ ነበር። ከዜሮ በታች 30 በሆነ ጠዋት አየሩ ይጠብቃል፤ ሞተሩ ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል። ጂክለር እናሳድግ ነበር። የዚያ ካልጋሪ ያለ ልጅ ስኖሞቢልም ወደ ሮኪ ተራሮች ቢወጣ የአንተን ችግር ያገኛል። እዚያ 2,000 ሜትር ማለፍ ቀላል ነው።

አሁን ዋናው። ያወጣኸውን ትልቅ ጂክለር እንዳትጥለው። በፖስታ አድርግና ከወንበሩ ሥር በፕላስተር ለጥፈው፤ ላዩ ላይ "ሎጊያ" ብለህ ጻፍበት። አንድ ቀን ተነስተህ ወደዚያ ስትወርድ በአዲስ አበባው ጂክለር ከሄድክ አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል። ሞተሩ መጀመሪያ በጣም ደስ ይላል፤ ይቀላል፣ ይፈጥናል። ከዚያ ሚሌ ሳትደርስ ፒስተኑ ይበሳል። ስለዚህ አዋሽ ሰባት ለምሳ ስትቆም ቀይረው። ካርቡሬተሩን የምትከፍተው ግን ሞተሩ ሲበርድ ነው፤ አንተ መጀመሪያ ምሳህን ብላ።